የመልመጃ ጥያቄና የወላጅ ድርሻ



የፈተና ወራት በተቃረበ ጊዜ ያለፉት ዓመታት የሒሳብ ጥያቄዎች በየቤቱ ይፈለጋሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙው ተማሪ ጥያቄውን አንብቦ ወዲያው በመጨረሻው ገጽ የተጻፈውን መልስ ይመለከትና «ይህንማ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለው ልጅ መቶ ጥያቄ ቢያገላብጥ የሌላውን ሥራ አየ እንጂ የራሱን አልሠራም።

ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት መካከል በጠቅላላው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኛ ግን በቤታችን ልናደርገው የምንችለውን እንመልከት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋው 200 ብር የነበረ ጋቢ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ቆይቶም በ20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? ብዙ ልጆች «200» ይላሉ። መልሱ ግን 192 ነው። አስቀድሞ ዋጋው 240 ሆኗልና ኋላ የሚቀነሰው የ240 20 በመቶ፣ ይኸውም 48 ብር ነው። «200» ላለው ልጅ «ተሳስተሃል፤ መልሱ ሐ ነው» ብንለው ሐ የሚለውን ፊደል ብቻ ይይዛል። «ሁለተኛው 20 በመቶ የየትኛው ቁጥር ነው?» ብንለው ግን ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ከዚያም ቁጥሩን ለውጠን 500 ብር በ10 በመቶ ጨምሮ በ10 በመቶ ቢቀንስ ብለን እንጠይቀው፤ 495 ካለ በእውነት ገብቶታል።

«እኔ ሒሳብ አልተማርኩም፤ ምን ልረዳው እችላለሁ?» የምትሉ ወላጆች አትስጉ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ሲናገርም ጉድለቱ ይገለጣል። እናንተም እንዲሁ ልጃችሁ የሠራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። የሚያቆመውና የሚንተባተብበት ስፍራ ያልገባው ስፍራ ነው፤ እርሱን ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ።

ከዚህም ጋር ሦስት ነገር ጠብቁ። ልጁ ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ የመልሱ ገጽ ከእናንተ ዘንድ ይቀመጥ። የሳተውን ጥያቄ በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ከሳምንት በኋላም ሳያይ እንደገና ይሥራው። ፈተናው ሲቃረብ ደግሞ ሰዓት ተይዞለት ይለማመድ።

ከሁሉ በላይ፣ ስለ ሳተው ጥያቄ አትቈጡት። ቍጣ የፈራ ልጅ ስሕተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀው ስሕተትም ሳይታረም ከልጁ ጋር ወደ ፈተናው አዳራሽ ይገባል።