ሳይመረምሩ መፍረድ

ወጣቶች ሆይ! በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ባሉ መንደሮች በአራስ ጥየቃ ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ስሰማ ኖሬያለሁ። የሕፃኑ ራስ አብጦ ሲታይ አንዱ «ጥላው ነው» ብሎ እናቲቱን ያማል፤ ሌላው ደግሞ ከወራት በኋላ የደረሰውን ጉዳት ሳይቀር «ከምጥ ያመጣው ነው» ብሎ ይሸፍናል። እኔ ሁለቱንም አንድ በደል እላቸዋለሁ፤ ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋልና።

ሕፃን በጠባብ መንገድ ሲወለድ ራሱ ይጨመቃል። ካፑት የሚባለው ለስላሳ እብጠት ከልደት ጀምሮ ይታያል፤ በጥቂት ቀንም ይጠፋል። ሴፋሎሄማቶማ ግን በራስ ቅል አጥንትና በሽፋኑ መካከል የተቋጠረ ደም ነው። በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግሥቱ ጎልቶ ይወጣል፤ የአጥንቱን መገጣጠሚያ አይሻገርም፤ ለመጥፋትም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እንግዲህ በማግሥቱ ስለ ታየ ብቻ እናትን መክሰስ አለማወቅ ነው። እብጠቱን ማሸትና በምላጭ መብጣትም ሕፃኑን ይጎዳል። ነገር ግን እብጠቱ በራሱ ሁሉ ቢሰፋና ሕፃኑ ቢገረጣ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት 101 ጤነኛ አራሶችን በኤምአርአይ ቢመረምር፣ በ46ቱ አንጎል ሽፋን ሥር ጥቂት ደም ተገኘ፤ በሦስት ወርም ጠፋ። ስለዚህ የምጥ ሰበብ ጊዜ አለው። ገና መገላበጥ የማይችል የሦስት ወር ሕፃን ፊቱ ወይም ጆሮው ቢበልዝ፣ ቢያስመልሰው፣ ቢፈዝ፣ ቢንዘፈዘፍ፣ «ከምጥ ነው» ብሎ መተው ሕፃኑን አሳልፎ መስጠት ነው። ልጅን የሚጠብቅ ሰው ቢያሠቃየው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ይቀጣዋል።

እንግሊዛዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ኖርማን ጉትከልች በ1971 እ.ኤ.አ. ሕፃንን አጥብቆ መነቅነቅ፣ ከውጭ ቁስል ሳይታይ፣ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ሊያፈስ እንደሚችል ጻፉ። እኒሁ ሰው በ2012 እ.ኤ.አ. በእርጅናቸው፣ ምልክቱን ብቻ አይቶ ሰውን መወንጀል እንደማይገባ አስጠነቀቁ። የደም አለመርጋት በሽታም እንዲህ ያለ ደም ያፈስሳልና።

ማንበብ የምትችሉ እናንተ፣ በቤታችሁ ሴት ስትወልድ የሕፃኑ ራስ እንዴት እንደ ነበረ አዋላጂቱ በወረቀት እንድትጽፍ ለምኑ፤ ወረቀቱንም አኑሩ። እብጠት ስታዩ «መቼ ታየ? የት ላይ ነው? አወላለዱስ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱት። ሕፃኑ መናገር አይችልም፤ የተከሰሰችውም እናት ብዙ ጊዜ የሚሰማት የላትም።