ማዘጋጃ ቤቱን ማን ይዘግበው?

በቅርቡ ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን የጋዜጣ ነገር ተነሣ። ወዳጄ ሳቀብኝ። «ለጋዜጣ ሙሾ ማውረድ ምን የሚሉት ነው? ሰው ሁሉ እኮ ዛሬ ጋዜጣውን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔም ጠየቅሁት፤ «የምትኖርበት ወረዳ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ ነው? ምንስ ወሰነ?» ስልኩን አነሣ፤ ነካካ፤ መልሶ አስቀመጠው። ስለ ዋሽንግተን ብጠይቀው ኖሮ የማለዳውን ወሬ ሳይቀር በዘረገፈልኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለእርሱና ለመሰሎቹ ነው።

የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ ይህ ጸሐፊ ገና ሕፃን ነበር። የደረስኩት በኋላ ነው፤ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ የመግዣ ገንዘብ ያጠረን ሰዎች አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ ተከራይተን በምናነብበት ጊዜ። አከራዩ ልጅ ገጹን እንዳናጣጥፍበት ከላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ጋዜጦች ተዘጉ፣ አዘጋጆች ታሰሩ። በ2002 አዲስ ነገር ቆመ። በ2004 ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የማይስማማውን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት የሚሰጠውን ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። በ2006 መጨረሻ ደግሞ አምስት መጽሔቶችና አንድ ጋዜጣ በአንድ ጊዜ ክስ ተመሠረተባቸው። ከእስር ቤት የተረፈውን የወረቀት ዋጋ ጨረሰው። ይህ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኔም ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ያልተጻፈው ሌላ ነው። እነዚያ የምናለቅስላቸው ጋዜጦች የማን ነበሩ? በስማቸው የኢትዮጵያ፣ በነገራቸው ግን የአራት ኪሎ ነበሩ። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ፓርላማው፣ ስለ ፓርቲዎች መሰንጠቅ ይነግሩናል። ደሴ፣ ጅማ ወይም ነቀምቴ በጋዜጣ የምትወጣው ግጭት ሲነሣ ወይም ባለሥልጣን ሲጎበኛት ነው። በክልል መንግሥታት የሚታተሙ እንደ በኩር ያሉ ጋዜጦች አሉ፤ ግን ደመወዙን የሚቆርጥለትን ቢሮ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ አዘጋጅ ስንት ይገኛል? ስለዚህ የግል ጋዜጦች ሲወድቁ የከተማው ነዋሪ አላለቀሰም። ያልነበረውን ነገር እንዴት አጣሁ ይበል?

የአካባቢ ወሬ ተራ ወሬ ነው የሚል ካለ የሪፖርተሩን የአማረ አረጋዊን ነገር ያስታውስ። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተይዘው ጎንደር ድረስ ተወስደው ለቀናት ታሰሩ። ምን ጽፈው? ሕገ መንግሥቱን ተችተው አይደለም። ጋዜጣቸው በጎንደር ያለ የአንድ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኞችን አቤቱታ ስላወጣ ነው። ትልቁን ፖለቲካ ሁሉም ይለዋል፤ የሚያመው የቅርቡ ነው።

ይህ የእኛ ድህነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ቤል የምትባል፣ 37 ሺህ ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የላብ አደሮች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የከተማዋን መተዳደሪያ ለመለወጥ ምርጫ ተደረገ፤ ድምፅ የሰጠው ከ400 ሰው በታች ነበር። በዚያ ለውጥ የምክር ቤቱ አባላት ደመወዛቸውን ከሚገድበው የክፍለ ግዛቱ ሕግ አመለጡ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እዚያም ሳይሠራ አልቀረም፤ ሥራ አስኪያጁ ሮበርት ሪዞ በዓመት 787 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፈለው ጀመር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ደመወዝ 400 ሺህ ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ አዘውትሮ የሚቀመጥ የጋዜጣ ዘጋቢ ስላልነበረ ማንም ሳያይ ዓመታት አለፉ። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሁለት ዘጋቢዎች ነገሩን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት እንኳ የጎረቤቷን ከተማ የሜይዉድን ጉዳይ ሲከታተሉ ነው። ሪዞ እ.ኤ.አ. በ2014 የ12 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኢንተርኔት በሞላበት አገር ነው ይህ የሆነው፣ ወዳጄ ሆይ።

እኔ ባደግኩባት የወሎ ከተማ ደግሞ የገበያው መንገድ ለፍሳሽ ቦይ ተቆፍሮ ሦስት ክረምት ክፍቱን አሳለፈ። ጨረታውን ማን አሸነፈ? ስንት ተከፈለው? በየቡና ቤቱ አምስት ዓይነት መልስ ነበር። ለአንዱ ተቋራጩ የከንቲባው የሚስት ወንድም ነው፤ ለሌላው ከከንቲባው ጋር ተጣልቶ ክፍያው የተያዘበት ምስኪን። እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ከንቲባው ንጹሕ ሰው ነበሩ። ያንን የሚጽፍላቸውም አልነበረም! በምርጫው ቀን ግን ሁላችንም ተሰልፈን መረጥን። በምን መዝነን እንደ መረጥን አትጠይቁኝ።

ፌስቡኩ አለ፣ ቴሌግራሙ አለ ይሉኛል። አለ። ነገር ግን ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የበጀት ስብሰባ ላይ እያዛጋ ተቀምጦ ቁጥር የሚቆጥር ሰው ደመወዝ የሚከፍል የቴሌግራም ገጽ እስካሁን አላየሁም። ስብሰባ አሰልቺ ነው፤ ሌባም የሚወደው ይህንን አሰልቺነቱን ነው። ጋዜጣ ሲሳሳት ደግሞ የሚከሰስ አዘጋጅ፣ የሚንኳኳ በር፣ ማስተባበያ የሚያወጣበት ገጽ አለው። የስልኩ ወሬ ስሙን ለውጦ በማግሥቱ ሌላ ይነግረናል። ባለቤት በሌለው ወሬ ቤት ሲቃጠል አይተናል።

ጥፋቱን ሁሉ ለመንግሥት ሰጥተን እጃችንን አንታጠብ። እኔም ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ወደ ተወለድኩባት ከተማ ልመለስ አላልኩም። ሁላችንም የዓምድ ጸሐፊ፣ የአገር ጉዳይ ተንታኝ መሆን አማረን። የጨረታ ማስታወቂያ ማንበብ ማንም አልፈለገም። ባለሀብቱም ለሆቴል ምረቃ ዘፋኝ ሲያስመጣ፣ አራት ገጽ ለሚሆን የከተማ ጋዜጣ ማስታወቂያ ስጥ ቢሉት «ከማን ጋር ልታጣሉኝ ነው?» ይላል።

ያ ወዳጄ ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። እልህ ይዞት ወረዳው ድረስ ሄዶ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ለማየት ጠይቋል። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ እንደሚችል በአዋጅ ቁጥር 590/2000 እንደ ተደነገገም ነግሯቸዋል።

«ከየት ነው የመጡት?» አለችው ጸሐፊዋ።

«ከየትም። ነዋሪ ነኝ።»

«እሱማ ገብቶኛል» አለችው፤ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ደብዳቤ ይዘዋል?»