ባሕሩ ከሌለ ዳሩ ምን ይሆናል?

“ባሕር የለንም፤ ስለ ባሕር ጥበቃ ሕግ ምን አገባን?” የሚል ወገን አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የባሕር በሩ እ.ኤ.አ. በ1993 ሄዷል። ነገር ግን አባቶቻችን ጣናንም ባሕር ብለው፣ ከጫፉ ላይ ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለዋታል። ለመሆኑ ለዚህኛው ባሕር ምን ተደረገለት?

ላስ ቬጋስ ያለን ሰዎች ለማመዛዘን ሩቅ መሄድ አያሻንም። የከተማችን ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከሚድ ሐይቅ ይመጣል። በየቤታችን አጥበንበት የደፋነው ተጣርቶ ወደዚያው ይመለሳል። በ2007 ኳጋ የተባለ ባለ ዛጎል መጤ ሲገኝበት፣ ከሐይቁ የሚወጣ ጀልባ ይጽዳ፣ ውሃው ይንጠፍጠፍ፣ ይድረቅ ተባለ። ኳጋው ከሚድ አልጠፋም፤ ሕጉ ሌላውን ውሃ ለማዳን ነው።

ጣናስ? የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 ወጥቷል። ዓሣው ግን በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ፣ መረብ ከወንዞቹ አፍ ሲጠብቀው ኖሯል። እምቦጭ በ2011 ከታየ ወዲህ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ በውጭ ያለውም ለማሽን አዋጥቷል። እምቦጭን የሚቀልበው ግን ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማም የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ቀለቡ ሳይቋረጥ አረሙን ብቻ መንቀል በተቀደደ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

እንግዲህ ወገን፣ መዋጮ ስንጠየቅ እንስጥ፤ ስንሰጥም እንጠይቅ። ፍሳሹን የሚያጣራው ማነው? በመራቢያው ወራት የወንዙን አፍ የሚጠብቀውስ? ጠባቂ የሌለው አዋጅ ወረቀት ነው።