የአደጋ ዘገባዎችና የሚዛናዊነት ጥያቄ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ማለፉ ይታወሳል። ምርመራው በጅምር ላይ እያለ አንዳንድ የውጭ መገናኛ ብዙኃን የአብራሪዎቹን የሥልጠና ደረጃ የአደጋው ዋነኛ መነሻ አስመስለው አቅርበዋል።

ተመሳሳይ አውሮፕላን ከ5 ወራት ያህል በፊት በኢንዶኔዥያ ተከስክሶ 189 ሰዎችን መግደሉ ግን ጥያቄውን ወደ አምራቹ የሚመራ ነበር። ምርመራው በተሳሳተ መረጃ የተነሳ ራስ ሰር መቆጣጠሪያው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መድፈቁን አረጋግጧል። ቦይንግም እ.ኤ.አ በ2021 ሁለት ባለሙያዎቹ ስለዚሁ ሥርዓት የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ አካል ማሳሳታቸውን አምኗል።

የአሜሪካ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ ምላሽ በመጨረሻው ሪፖርት በበቂ ሁኔታ አልተዳሰሰም ማለታቸው አይዘነጋም። ስለዚህ ስሕተቱ ጥያቄው መነሳቱ ሳይሆን ከማስረጃው በፊት ፍርድ መሰጠቱ ነው።

ማንኛውም የሥራ ኃላፊ የአደጋ ዘገባ ሲያነብ ምንጩ ማን እንደሆነ፣ የተረጋገጠው ከግምቱ መለየቱንና ከድምዳሜው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ሊመረምር ይገባል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የተረጋገጠ መረጃ በወቅቱ ካልሰጠ ክፍተቱን የሚሞላው አሉባልታ መሆኑን መገንዘብ አለበት።