የሞተር ሳይክል ዋስትናና የጅጋ ገዢ

የጅጋ ገበሬ በርበሬውንና በቆሎውን ሽጦ ከአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ሲገዛ፣ ሻጩ ከቁልፉ ጋር የዋስትና ወረቀት ያስይዘዋል። ጥቂት ሳምንት እንደ ቆየ የፍሪሲዮኑ ሽቦ ይላላል፤ ወይም ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ነገሩ ትንሽ ነው፤ የጅጋ መካኒክ ከቡና በፊት ይጨርሰዋል። ዳሩ ግን ወረቀቱ ከሻጩ ጋራዥ በቀር ሌላ እጅ የነካው እንደ ሆነ ዋስትናው ይቀራል የሚል ሲሆን፣ ባለሞተሩ ምን ያድርግ? ዓባይን አሻግሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ይመልሰውን? የጭነቱ ኪራይ ከጥገናው ይበልጣል። አንዳንዱ ሻጭ ይህን አስቀድሞ ያሰላው ይመስላል።

ሕጉስ ከገዢው ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ደንግጓል፤ የ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813ም ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ነገር ግን ስለ አንድ ሽቦ ማን ችሎት ይቆማል? ከኪሱ ከፍሎ ያሠራል፤ በገበያ ቀን ግን የሻጩን ስም ሳያነሣ አይውልም።

አስመጪው በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ አንድ የታመነ መካኒክ በደብዳቤ ቢወክል፣ ካንዴላና የፍሪሲዮን ሽቦም በአንድ ሱቅ ቢያስቀምጥ ወጪው ጥቂት ነው። የዚያ መካኒክ ደረሰኝ እንደ ሻጩ ጋራዥ ሥራ እንደሚቆጠር፣ የመጀመሪያው የዘይት ቅየራም በዚያው ሊደረግ እንደሚችል በዋስትናው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ያውም በአማርኛ።