የአውሮፕላን ጅራትና የትርፍ ሚዛን

እንደሚታወቀው፣ አንድ አውሮፕላን አቅጣጫውንና ሚዛኑን ጠብቆ እንዲጓዝ ከሚያስችሉት ዋና ዋና አካላት ብዙዎቹ የሚገኙት በጅራቱ ላይ ነው። ከቋሚው የጅራት ክንፍ ጋር የተያያዘው መሪ አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ አግድሙ የጅራት ክንፍ ደግሞ ወደ ላይ ያቀናዋል፣ ወደ ታች ይደፋዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢሰበር፣ ቢጣበቅ ወይም ያለ አብራሪው ፈቃድ ቢንቀሳቀስ ተሳፋሪው ሊያደርገው የሚችለው አንዳች ነገር የለም። ስለሆነም የጅራቱ ደኅንነት የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጥያቄ ነው። መካኒሳ ላይ ሆኖ የቦሌን አውሮፕላኖች ከጣሪያው በላይ ሲያልፉ የሚያይ ነዋሪም፣ ትኬት ባይቆርጥ እንኳ፣ የጥያቄው ባለቤት ነው።

ጥያቄው ትናንት የተነሣ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. በኮሎራዶ ስፕሪንግስ 25 ሰዎች፣ በ1986 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በፒትስበርግ አጠገብ 132 ሰዎች በሁለት ቦይንግ 737 አውሮፕላኖች አልቀዋል። ለዓመታት የተጓተተው ምርመራ በመጨረሻ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የመሪውን ኃይል የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተጣብቆ መሪውን አብራሪው ካዘዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ማዞሩ ዋነኛው ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከኩባ የተነሣ ኤርባስ ኤ310 መሪው በአየር ላይ ተገንጥሎ ሲወድቅ፣ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በሰላም ቢመልሱትም፣ በሥራ ላይ የነበረው የፍተሻ ዘዴ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለማወቅ በቂ አለመሆኑ ተረጋገጠ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. እንኳ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በአንዳንድ 737 አውሮፕላኖች ላይ መሪው ሊጣበቅ እንደሚችል አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ለኢትዮጵያ ግን ይህ ጥያቄ በደም የተጻፈው መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በርሮ ከቢሾፍቱ ባሻገር በጊምቢቹ ወረዳ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በዚህ ጊዜ የጠፋው አግድሙ የጅራት ክንፍ ሳይሆን ክንፉን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ነበር። «ኤምካስ» የተባለው ሥርዓት ከአንድ የተሳሳተ የማዕዘን ጠቋሚ መረጃ በመቀበል የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው።

ሊሰመርበት የሚገባው ዐቢይ ነጥብ ይህ ሥርዓት እንዴት እንደተወለደ ነው። ኩባንያው ከኤርባስ ጋር በገባበት የገበያ ፉክክር የቀድሞውን አውሮፕላን በትላልቅ ሞተሮች አድሶ አቀረበ፤ ሞተሮቹ ያመጡትን የባሕርይ ለውጥ በኮምፒዩተር ትእዛዝ ለማረም ሞከረ፤ አየር መንገዶች ለተጨማሪ ሥልጠና ገንዘብ እንዳያወጡ ሲባልም የሥርዓቱ ስም ከአብራሪዎች መመሪያ እንዲቀር ተደረገ። አውሮፕላኑ ሁለት ጠቋሚዎች እያሉት ሥርዓቱ በአንዱ ብቻ እንዲመራ ሆነ። ተቆጣጣሪው የአሜሪካ መሥሪያ ቤትም አብዛኛውን የማረጋገጥ ሥራ ለራሱ ለአምራቹ ሠራተኞች አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ተመዛኙ ሚዛኑን ራሱ ሲይዝ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ አደጋ በኋላ ያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ጉድለቱ ካልታረመ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ በራሱ ስሌት ገምቷል። ሆኖም አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። በዚያ ስሌት ውስጥ ቁጥር ብቻ የነበረው ነገር በጊምቢቹ ማሳ ላይ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አደጋው እንደደረሰ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ አልጠፉም። የኢትዮጵያ የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት በ2015 ዓ.ም. ሲወጣም የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የኤምካስን ድርሻ ሳይክዱ፣ የአብራሪዎቹ አሠራር በበቂ አልተመረመረም ብለዋል። የአብራሪ አሠራር መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ከምርመራ የሚሸሽ ሙያ የለም። ነገር ግን አብራሪዎቹ የጅራቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ካቋረጡ በኋላ ክንፉን በእጅ ለመመለስ ሞክረው አልሆነላቸውም። የሰው ስሕተት ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ የንድፍ ሠሪው ግዴታ ነው፤ በአንድ ጠቋሚ ብልሽት የሚደፋን ማሽን ሠርቶ፣ ማሽኑን ለመመለስ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ሰበብ ማድረግ ግን ፍርድን መገልበጥ ነው።

በአንጻሩ ኢትዮጵያ በዚያ ሰዓት የወሰደችው አቋም ትምህርት ይሰጣል። አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹን ሳይዘገይ ከበረራ አገደ፤ ቻይናም በማግሥቱ እንዲሁ አደረገች። አሜሪካ ግን እገዳውን ያወጀችው መጋቢት 4 ቀን ነበር። የበረራ መረጃ መዝጋቢዎቹም ወደ አምራቹ አገር ሳይሆን ወደ ፈረንሳይ ተላኩ። የቴክኒክ ባለቤትነት የሌለው አገርም ቢሆን የፍርድ ባለቤትነት ሊኖረው እንደሚችል ይህ አሳይቷል።

ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ፤ የታረመው አውሮፕላንም ከጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አገራችን በረራ ተመለሰ። ይህ ግን መዝገቡን አይዘጋም። የሚገዛ አገር የሚመረምርም መሆን አለበት። የራሳችን መርማሪዎች፣ የጥገና መሐንዲሶችና ተቆጣጣሪዎች በዕውቀት መጎልበት፣ ጉድለት ያየ ቴክኒሺያን ያለ ፍርሃት የሚናገርበት አሠራር መጽናት፣ የአምራቹ ቃል ያለ ማረጋገጫ አለመወሰድ የነገው ተሳፋሪ ዋስትናዎች ናቸው። የ346 ሰዎች ሕይወት የተከፈለበት ትምህርት በሐዘን ብቻ ሊታሰብ አይገባውም፤ በየቀኑ በሥራ ላይ ሊውል ይገባዋል።