በራጅ ክፍል «እግር» ማለት ብቻ አይበቃም

አንዲት የሲያትል ነዋሪ እናት ዝናብ ባራሰው ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ እንበል። ሐኪሙ ዘንድ አስተርጓሚ ነበራቸው፤ ራጅ ክፍል ሲገቡ ግን የለም። የባለሙያውን ትእዛዝ በር ላይ የቆመው ልጃቸው «እማዬ፣ እግርሽን ወደ ውስጥ አዙሪው» ሲል ያደርሳል። እናትየውም ጣቶቻቸውን ብቻ ወደ ውስጥ ያዞራሉ። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለቁርጭምጭሚት በተለምዶ ሦስት የራጅ ምስሎች ይነሣሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለተኛው ከጎን፣ ሦስተኛው ደግሞ እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ። ሦስተኛው ምስል ከጉልበት በታች ባሉት ሁለት አጥንቶችና በመካከላቸው በሚገባው የቁርጭምጭሚት አጥንት መካከል ያለውን ክፍተት ያሳያል። ክፍተቱ ወጥ ካልሆነ ጅማት መበጠሱን ሊጠቁም ይችላል። ለዚህ መዞር ያለበት ግን ጉልበትን ጨምሮ መላው እግር ነው። ጣቶች ብቻ ከዞሩ አጥንቶቹ በምስሉ ላይ ይደራረባሉ፤ የሚፈለገውም ክፍተት ይሸፈናል።

እንግሊዝኛ ለመርገጫውና ከዚያ በላይ ላለው ክፍል ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። አማርኛ ግን ከጭን እስከ ጣት ያለውን ሁሉ «እግር» ይለዋል። ስለዚህ ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ምስሉ ሊበላሽ ይችላል።

«ቁሙ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው። በፈረንሳዊው ሐኪም ሊስፍራንክ ስም የሚጠራው የመሀል እግር ጉዳት፣ ታካሚው ተኝቶ ሲነሣ ጤናማ መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን አጥንቶቹ ሲራራቁ ይታያል። ምክንያቱ ያልተነገረው ታካሚ ሕመሙን ሽሽት በደህና እግሩ ላይ ቢደገፍ፣ ምስሉ «ቆሞ የተነሣ» የሚባለው ለስም ብቻ ነው።

ሲያትል ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። የስደተኞችን ባህልና ቋንቋ ለጤና ባለሙያዎች የሚያስተዋውቀው፣ በአማርኛም መረጃ የሚያቀርበው ኤትኖሜድ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው በዚያው በሃርበርቪው ሆስፒታልና በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። የአሜሪካ ሕግም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

ራጅ የደቂቃዎች ሥራ በመሆኑ አስተርጓሚ መጠበቅ ጊዜ ያባክናል የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የተበላሸ ምስል እንደገና ይነሣል፤ ታካሚውም ጥቂት ቢሆን ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። ከዚህ የሚከፋው ስሕተቱ ሳይታወቅ «ደህና ነዎት» ተብሎ ወደ ቤት መሸኘት ነው። በስልክ የሚቀርብ አስተርጓሚም ቢሆን ራጅ ክፍል ድረስ ሊዘልቅ ይገባል። ታካሚውም ይህን የመጠየቅ መብት አለው። «ጉልበትዎን ጨምሮ መላ እግርዎን ወደ ውስጥ ያዙሩ» ለማለት የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።